ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሰው

ጋሪው ድንጋይ በተነጠፈበት ቁልቁለት እየተንገጫገጨ ሲወርድ፣ ቀራጺዋ በፎጣ የጠቀለለችውን እንጨት ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ በሁለት እጇ ጥብቅ አድርጋ ይዛዋለች። ከፊት ለፊቷ ጠመንጃውን በጉልበቶቹ መካከል ያቆመ ወታደር ተቀምጧል። ከጎኗ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ አለ፤ ጋሪው በነጠረ ቁጥር ባርኔጣው ዓይኑ ላይ ይወርድበታል፣ እሱም ሳይታክት ያቃናዋል።

«ቀስ በል እንጂ፣ አንተ ሰውዬ!» ብላ ባለጋሪው ላይ ጮኸችበት። «የእንጨቱ ጠርዝ ቢሸረፍ ማን ሊጠየቅ ነው?»

ወዲያው በራሷ አፈረች። ወንድሟ ከጧት ጀምሮ ታስሯል፣ እሷ ለእንጨት ጠርዝ ትሟገታለች! ግን ምን ታድርግ፣ የለመደ እጅ ሌላ ነገር አይገባውም። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ወንድሟ የሚሥለውን እንጨት ላይ እየቀረጸች ለማተሚያ ቤቱ ስታቀርብ ኖራለች፤ አንድም ቀን ጠርዙ የተሸረፈ እንጨት ከእጇ ወጥቶ አያውቅም።

ወታደሩ ፈገግ አለ። «አይዞሽ እቴ፣ ሻለቃው የሚፈልጉት ጠርዙን አይደለም።»

ፎጣውን ይበልጥ ጠበቅ አድርጋ ያዘችው።

ነገሩን ከሥሩ ላጫውታችሁ። ከአራት ቀን በፊት የአገሪቱ ጠቅላይ ሚኒስትር «በገዛ ፈቃዳቸው፣ ለጤንነታቸው ሲሉ» ሥልጣን መልቀቃቸው ተነገረ። የጤና ነገር ከተነሳ፣ ሰውየው በዋዜማው ፈረስ ሲያስጋልቡ የታዩ፣ ድንጋይ ቢበሉ የሚፈጩ ሰው ነበሩ። ዳሩ ምን ያደርጋል፤ ያን ሰሞን የባሕር ማዶው መንግሥት የጦር መርከብ መድፎቹን ወደ ከተማው አዙሮ ወደቡ ላይ ቆሟል፤ ልዩ መልእክተኛውም፣ ያ ረጅም ጥቁር ባርኔጣ የሚደፋው፣ በቀን ሦስት ጊዜ በሠረገላ ቤተ መንግሥት ይገባል ይወጣል። ሲነጋ ወንበሩ ላይ አንድ ኮሎኔል ተቀምጠው ተገኙ። ግራ ዓይናቸውን በጦር ሜዳ አጥተው በጥቁር ጨርቅ የሚሸፍኑ፣ ከፈረሰኛ ጦር ሰፈር ውጪ ማንም የማያውቃቸው ሰው ናቸው። «ክቡር የመንግሥት ጠባቂ ተብለው ይጠሩ» ተባለ።

ሕዝቡ መርከቡንም፣ ባርኔጣውንም፣ ኮሎኔሉንም አየና ነገሩን በልቡ ይዞ ዝም አለ። ለምን ዝም አይል! በማግስቱ በየግድግዳው የተለጠፈው አዋጅ፣ የመንግሥት ጠባቂውን በጽሑፍ ወይም በሥዕል ያዋረደ ሰው አሥራ አምስት ዓመት ደሴቱ ላይ እንደሚታሰር ይናገራል። ደሴቱ ደግሞ ሰው የሚሄድበት እንጂ የሚመለስበት አይደለም። የሌላኛው ጋዜጣ አዘጋጅ ትናንት በጀልባ ተጭኗል።

ዝም ያላለው የእሷ ወንድም ብቻ ነው።

ወንድሟ በጋዜጣው ላይ «ጃርት» እያለ የሚፈርም የፌዝ ሥዕል ሠዓሊ ነው። እናትና አባታቸው ከሞቱ ወዲህ ያሳደጋት፣ መሮና ቢላ ያስያዛት እሱ ነው። በሥራው የሚመጣበትን አይወድም፤ በሃያ ዓመት ውስጥ አንድ የኮት ቁልፍ እንኳ ሥዕሉ ላይ ቦታውን ስቶበት አያውቅም፣ ይህንንም የሚያገኘው ሰው ሁሉ እንዲያውቅለት ይፈልጋል። አዋጁ ሳይወጣ በፊት ሌሎቹ ሠዓሊዎች ባለ ባርኔጣውን ሰውዬ እንደ ሸረሪት ድር ሲያደራ፣ ወይ አሻንጉሊት በገመድ ሲያስጨፍር ሥለውት ነበር። እሱ ጋዜጦቹን እያየ ከንፈሩን ሲነክስ ከረመ።

«ገመድ! ሁሉም ገመድ!» ይል ነበር። «ገመድ የሚሣለው ምሥጢር ለማስመሰል ነው። ምኑ ነው ምሥጢሩ? ሰውየው በጠራራ ፀሐይ፣ በእጁ ነው የሠራው!»

እጁን ሣለ። ነጭ ጓንት ያጠለቀ አንድ ትልቅ እጅ ሽማግሌውን ጠቅላይ ሚኒስትር እንደ ድመት ግልገል ማጅራታቸውን ይዞ ከወንበሩ ያነሳል፤ ሌላው እጅ ባለ ጥቁር ጨርቁን ኮሎኔል እንደዚያው ማጅራታቸውን ይዞ ያስቀምጣል። እግራቸው መሬት አይነካም፤ ቦት ጫማቸው አየር ላይ ይወዛወዛል። ከላይ የባርኔጣው ጥላ አለ፣ ፊት የለውም።

እኅቱ አይታ አይታ፣ «ጋሼ፣ ወንበሩን ማን ያዘለት?» አለችው።

«እንዴት?»

«ሰው ሲያነሱና ሲያስቀምጡበት ወንበር ይንገዳገዳላ! ከባሕር ማዶ የመጣ ሁለት እጅ ብቻውን ይህን ሁሉ አይሠራም። ከእኛው ሰዎች የያዘለት አለ።»

ወንድሟ አፈጠጠባት፤ ከዚያ ሳቀ፣ ሳማትም። ኮት የለበሱ አራት የአገር ሰዎች ተንበርክከው አንዳንድ የወንበር እግር አቅፈው ሲይዙ ጨመረበት። ሥዕሉ ያኔ ነው ሥዕል የሆነው።

ስሕተቱም የመጣው ያኔ ነው። በደህናው ጊዜ ወንድሟ ወረቀት ላይ ይሥላል፤ እሷ ወረቀቱን በፊቱ እንጨቱ ላይ ደፍታ ታሻለች፣ ሥዕሉ ተገልብጦ እንጨቱ ላይ ይታተማል፣ የተገለበጠውን ትቀርጻለች፤ ጋዜጣው ላይ ሲታተም እንደገና ተገልብጦ ይቃናል። ይህን ጊዜ ግን ወታደሮች ቤት ለቤት ወረቀት ይፈትሹ ስለነበር፣ በማስረጃ እንዳይያዝ ብሎ ማተሚያ ቤቱ ጓዳ ውስጥ በእርሳስ እንጨቱ ላይ በቀጥታ ሣለው። ሳይገለብጥ! ሳይፈርም ያለፈውም ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። እሷም በጥድፊያ ያየችውን እንዳለ ቀረጸችው። ሁለቱም ሥዕሉን ሃያ ጊዜ አዩት፣ ሁለቱም ስሕተቱን አላዩትም።

ዛሬ ጧት የመጀመሪያው ገጽ ከማተሚያ መኪናው ሲወጣ ነው የነቃችው፦ ጥቁሩ ጨርቅ ያለው በቀኝ ዓይን ላይ ነው። ክው አለች። ሌላ እንጨት ለመቅረጽ ጊዜ የለም። «ማን ያስተውለዋል» ብላ ዋጠችው። ወንድሟ ጋዜጣውን ሳያይ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ከአልጋው አንስተው ወሰዱት። ባይፈርምስ? እጁን የማያውቅ በከተማው ውስጥ ማን አለ! ከዚያ «አዘጋጁና ቀራጺዋ እንጨቱን ይዘው ይቅረቡ» የሚል ትእዛዝ መጣ።

ጋሪው ቆመ።

*

«የጋዜጦች ጉዳይ መምሪያ» የሚለው ወረቀት በድሮው የመሥሪያ ቤት ስም ላይ ተለጥፏል፤ ሙጫው ገና አልደረቀም። ሻለቃው ከሰፊ ጠረጴዛ ኋላ ተቀምጠዋል። ከአራት ቀን በፊት የጦር ሠራዊቱን ቦት ጫማ ግምጃ ቤት ይቆጣጠሩ የነበሩ፣ ወፈር ያሉ፣ ጢማቸው በሰም የተጠቀለለ ሰው ናቸው። ከራስጌያቸው የክቡር የመንግሥት ጠባቂ ፎቶግራፍ በመስታወት ተሰቅሏል። ጥግ ላይ አንድ ከሲታ ጸሐፊ ብዕሩን ቀለም ነክሮ ይጠብቃል።

ወንድሟ በሁለት ወታደሮች መካከል ቆሟል፤ የሸሚዙ ቁልፍ ተዛንፏል፣ ፀጉሩ ቆሟል፣ አገጩን ግን ቀና አድርጓል። ሲያያት ዓይኑን ጠቀሰላት። ያን አገጭ ስታውቀው! አባታቸው «የአንተ አገጭ ገደል ይከትሃል» ይሉት ነበር።

«ጻፍ!» አሉ ሻለቃው ጸሐፊውን።

ጸሐፊው ቅጹን ዘረጋ። ቅጹ ከወደቀው መንግሥት የተረፈ ነው፤ መንግሥት ይለወጣል እንጂ ቅጽ አይለወጥም። «አንደኛ፣ የተዋረዱት ባለሥልጣን ስም» ብሎ አነበበ።

«ክቡር የመንግሥት ጠባቂ።»

«ሁለተኛ፣ ውርደቱ በዝርዝር።»

ሻለቃው ጋዜጣውን አነሱ። «በባዕድ አገር ሰው እጅ ... ማጅራታቸውን ተይዘው ... እግራቸው መሬት ሳይነካ ... ወንበር ላይ ሲቀመጡ ...» ድምፃቸው እየቀነሰ ሄደ። ጸሐፊው ብዕሩን አየር ላይ አንጠልጥሎ ቀርቷል።

«ምን ትጠብቃለህ?»

«እጽፋለሁ ጌታዬ። ብቻ ... ወረቀቱ ወደ ላይ የሚሄድ ነው። ሳነበው ደግሞ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እርስዎ የተናገሩት ይመስላል።»

«ጻፍ ብያለሁ!» ሻለቃው በመሐረብ አንገታቸውን ጠረጉ። «ሦስተኛውስ?»

«ሦስተኛ፣ በሥዕሉ ላይ ያለው ሰው ባለሥልጣኑ መሆናቸውን አይቶ የለየ ምስክር፣ ስምና ፊርማ።»

ወታደሮቹ ዓይናቸውን ወደ ጣሪያው አነሱ።

«ይኼ ደግሞ ምን ይቸግራል!» አሉ ሻለቃው። ጋዜጣውን ከጋሪው ጋር ለመጣው ወታደር አሳዩት። «አንተ፣ ይህ ማን ነው?»

ወታደሩ አየና ሳቁ አመለጠው። «እሳቸው ናቸዋ፣ ጌታዬ! እግራቸውን አዩት? ሂ ሂ ...»

«ና ፈርም።»

ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ። «ምን ብዬ?»

«ባዕድ አገር ሰው ማጅራቱን ይዞ ያስቀመጠው ይህ ሰው እሳቸው ናቸው ብለህ።»

«እኔ? ኧረ እኔ ፊደልም አልቆጠርኩ! ልጆች አሉኝ፣ ጌታዬ! ደግሞ አሁን ቀረብ ብዬ ሳየው ... አጎቴን ነው የሚመስለው።»

ሻለቃው ወደ ጸሐፊው ዞሩ። ጸሐፊው የሚጽፍ ሰው በጻፈው ላይ ሊመሰክር እንደማይችል፣ ይህም የቆየ ደንብ እንደሆነ በትሕትና አስረዳ። ወደ አዘጋጁ ዞሩ። አዘጋጁን ሠራተኞቹ «ነጠላ ሰረዝ» ይሉታል፤ ሲናገር በየቃሉ መካከል ስለሚያርፍ ነው።

«እኔ፣ ክቡር ሻለቃ፣ ያለ መነጽር፣ ብዙም፣ አላይም።»

«መነጽርዎን አድርገዋል እኮ!»

«ይኼ፣ የሩቁ፣ ነው።»

ቀራጺዋ ሰውየውን ታያቸዋለች። ጭካኔ አልነበረባቸውም፤ ፍርሃት ነበረባቸው። ያለ ምስክር ክሱ ወደ ላይ ቢሄድ «ቅጽ መሙላት የማይችል» ይባላሉ፤ ራሳቸው ቢፈርሙ፣ ኮሎኔሉን በባለ ባርኔጣው እጅ ላይ አየኋቸው ብሎ በስሙ የመሰከረ የመጀመሪያው መኮንን እሳቸው ናቸው። ጫማ ቆጥረው መኖር ይሻላቸው ነበር። ሰውየው መውጫ ቀዳዳ እየፈለጉ ነው። ይህን ስታይ ትንሽ ተስፋ ሽው አለባት።

ያኔ ነው ወንድሟ አፉን የከፈተው።

«ምን ያስጨንቅዎታል፣ ጌታዬ? ብዕሩን ለእኔ ይስጡኝ» አለ፣ አገጩን ይበልጥ ቀና አድርጎ። «ሥዕሉ ማን እንደሆነ ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? እኔ እፈርማለሁ!»

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው። ጸሐፊው ዕረፍት እንዳገኘ ሰው ቅጹን ወደ ወንድሟ ገፋ አደረገው። ሻለቃውም ብዕሩን አነሱ።

«ጌታዬ!» አለች ቀራጺዋ፤ ድምጿ ከጠበቀችው በላይ ጮኾ ወጣ። «ክቡርነታቸው ያጡት ዓይን የትኛው ነው?»

ሁሉም ክው አሉ። እንዲህ ያለ ጥያቄ በእንዲህ ያለ ክፍል ውስጥ አይጠየቅም። ሻለቃው ግን ሳያስቡት ቀና ብለው ፎቶግራፉን አዩ። «ግራው ነው፤ ምነው?»

«እስኪ የጋዜጣውን ሰውዬ ይዩት።»

ሻለቃው ጋዜጣውን አዩ። ፎቶግራፉን አዩ። እጃቸውን አንስተው የራሳቸውን ግራ ዓይን ነኩ፣ ከዚያ ቀኙን። እንደገና ጋዜጣውን አዩ። ከጢማቸው ሥር አንድ ነገር መላላት ጀመረ።

«ቀኙ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «የዚህ ሰውዬ የጠፋው ቀኙ ነው!»

«እንግዲህ እሳቸው አይደሉማ!» አለ ወታደሩ ቸኩሎ። «አላልኩም? አጎቴ ቀኙን ነው ያጣው።»

ግን ሻለቃው ሁለት ቀን ያልተኙ ጠርጣራ ሰው ናቸው። ዓይናቸው ፎጣው ላይ ዐረፈ። «እንጨቱን አምጪው።»

የፈሩት ይደርሳል። ፎጣውን ፈታች። ሻለቃው እንጨቱን ወደ መስኮቱ አዙረው አዩና በመዳፋቸው ጠረጴዛውን መቱት።

«ይኸው! እንጨቱ ላይ በግራው ነው! በግራው ቀርጻችሁ፣ ስትያዙ ለማምለጥ በቀኙ አተማችሁ!»

እንዲያውም በዚያች ሰዓት እውነቱን የተናገሩት ሻለቃው ብቻ ነበሩ፤ እኅትና ወንድም በግራ ሊሥሉት አስበው ነበር፣ በግራም ሥለውታል። ግን አሥራ አንድ ዓመት የሠራችበት ነገር ነው፤ ስለ እንጨት ማንም አያሸንፋትም።

«ጌታዬ፣ ማኅተምዎን አንዴ ገልብጠው ይዩልኝ።»

«ማኅተሜ ምን አገባው?»

«በሞቴ፣ አንዴ ብቻ።»

ሻለቃው የናስ ማኅተሙን አንስተው ፊቱን አዩት። በአራት ቀን ውስጥ መቶ ጊዜ መትተውበታል፣ ፊቱን ግን አንድም ቀን አላዩትም። ፊደሎቹ ሁሉ ዞረው ተቀምጠዋል። ግራ ገባቸው፤ ባዶ ወረቀት ላይ መቱት። ቀጥ ብሎ፣ አምሮ ወጣ።

«እንጨትም እንደዚሁ ነው» አለች። «እንጨት ላይ ግራ የሆነው ወረቀት ላይ ቀኝ ይወጣል። ክቡርነታቸውን የፈለግን ቢሆን ጨርቁን እንጨቱ ላይ በቀኝ ነበር የምናደርገው። በዚህ ሙያ ትናንት የገባ ተለማማጅ እንኳ ይህን ያውቃል። እኔና ወንድሜ ይህን እንስታለን?»

አፏን ሞልታ ተናገረች፤ ጆሮዋ ግን እሳት ሆኗል።

«ልክ፣ ነች» አለ ነጠላ ሰረዝ።

ሻለቃው ማኅተሙን እንደገና መቱት፤ እንደገና አዩት። ሊያምኑ ፈልገዋል፣ እንዲያውም አምነዋል።

«ቆይ!» አለ ወንድሟ። «ምን አላችሁ? ቀኝ? በቀኝ ዓይኑ?»

ወታደሮቹ ሳይዙት ጠረጴዛው ጋ ደርሶ ጋዜጣውን ነጠቀ። ሥዕሉን ታትሞ ሲያየው ይህ የመጀመሪያው ነው። ቀራጺዋ ፊቱን አየች፤ ደሙ ከግንባሩ ወደ አንገቱ ሲወርድ፣ ከአንገቱ ወደ ግንባሩ ሲመለስ። ለደሴቱ ያልደነገጠው ሰው ለዚህ ደነገጠ።

«ይኼማ ስሕተት ነው!» አለ። «ይኼ የእኔ ሥራ ... በሃያ ዓመት ውስጥ አንድ ...»

«ጋሼ» አለች።

ቃሉ የወጣው ልጅ ሳለች፣ እናታቸው በሞቱበት ሳምንት፣ በሩን ከፍቶ ሊወጣ ሲል በጠራችው ድምፅ ነው። እሱም ዞሮ አያት። ዓይኖቿ እንባ ሞልተዋል፤ እሷ ስታለቅስ ማየት የማይችለው ነገር ነው። ጋዜጣውን ቀስ ብሎ ጠረጴዛው ላይ መለሰ፣ አገጩንም ዝቅ አደረገ። ያ አገጭ ዝቅ ሲል ያየችው ያን ቀን ብቻ ነው።

«ስሕተት ነው ያልከው ምኑ ነው?» አሉ ሻለቃው፣ ትንፋሻቸውን ይዘው።

ወንድሟ ከጠረጴዛው ራቅ አለ። «እፈርማለሁ ማለቴ፣ ጌታዬ። ሰውየውን አላውቀውም። እጄ እንደመጣለት ነው የሣለው። ደግሞ እኔ ...» እዚህ ላይ ድምፁ ሊቋረጥ ነበር፣ «ግራና ቀኝ ከልጅነቴ ጀምሮ ይምታታብኛል።»

ሻለቃው ወንበራቸው ላይ ተዘረጉ። «ተመስገን!» አሉ፣ አፋቸውን በእጃቸው ከመያዛቸው በፊት። ጸሐፊው ቅጹን ለአራት ቀዶ ቅርጫት ውስጥ ጣለው፤ ያን ያህል ፍጥነት ከዚያ ከሲታ ሰው ማን ይጠብቃል። አንዱ ወታደር ለሻለቃው ውሃ አመጣ፣ ሻለቃውም ጠጥተው የቀረውን ለወንድሟ ሰጡት።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ መልካም ነበር። ሊወጡ ሲሉ ግን ሻለቃው ጣታቸውን አነሱ።

«ቆዩ! ሕዝቡ እኮ ተሳስቶ ይሆናል። እኔም ተሳስቼ ነበር። ነገ በፊት ገጽ ላይ ማረሚያ ይወጣል።»

አዘጋጁ ደነገጠ፤ የዕድሜው ብልኃት ነው። «ክቡር ሻለቃ፣ አንዳንድ ነገር፣ ዝም ሲሉት፣ ይሻላል።»

«አይወጣም ነው የሚሉኝ? ይወጣል! በትልቅ ፊደል! በማኅተሜ!» ራሳቸው ብዕር ይዘው ጻፉ፣ ደስ እያላቸው መቱበት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ቀራጺዋ ያን ወረቀት አዘጋጁ ኪሱ ሲከት አይታ አንድ ቃል አልተነፈሰችም።

*

ወደ ቤት የተመለሱት በእግራቸው ነው። የከሰዓቱ ፀሐይ ገና ትሞቃለች። ድልድዩ ላይ ሲደርሱ ወንድሟ ቆመ።

«እንጨቱ ላይ በቀጥታ ነው የሣልኩት፣ አይደል?» አለ።

«አዎ።»

«ሳልገለብጠው።»

«አዎ ጋሼ።»

«አንቺስ፣ ዓይን የለሽም?»

ትከሻውን በቡጢ መታችው፣ ከዚያ ደረቱ ላይ ተደፍታ አለቀሰች፤ እያለቀሰች ሳቀች። «እፎይ፣ እፎይ» ትላለች፣ ሌላ የሚናገር ምላስ የላትም። ጀልባው፣ ደሴቱ፣ አሥራ አምስቱ ዓመት፣ ሁሉም ከጀርባዋ ላይ እንደ ሸክም ወረደ። መንገደኛው እያያቸው ያልፋል። እሱም እንጨቱን ከእጇ ተቀብሎ ቤታቸው ድረስ ተሸከመው፤ ከዚያ በፊት ተሸክሞላት አያውቅም።

በማግሥቱ ጧት ማተሚያ ቤቱ መስኮት ላይ ቆመው ነበር። ከታች፣ ፀጉር አስተካካዩ በር ላይ፣ ፊቱ በሳሙና የተለበጠ ደንበኛ ጋዜጣውን ለተሰበሰበው ሰው ጮክ ብሎ ያነባል፦

«ማረሚያ። ትናንት በዚህ ጋዜጣ በወጣው ሥዕል ላይ፣ የባዕድ አገር ሰው ማጅራቱን ይዞ በመንግሥት ወንበር ላይ ሲያስቀምጠው የሚታየው ባለ አንድ ዓይን ሰው፣ ክቡር የመንግሥት ጠባቂ አይደሉም። የጋዜጦች ጉዳይ መምሪያ።»

ከዚያ አንዱ «አይደሉም?» አለ። ሌላው «አይደሉም ተብሏል እኮ!» አለ። ሦስተኛው ሳቀ። ሳቁ ከፀጉር አስተካካዩ ወደ ጫማ ሰፊው፣ ከጫማ ሰፊው ወደ ዳቦ ቤቱ ሰልፍ ተሻገረ፤ መንገዱ ከጫፍ እስከ ጫፍ በሳቅ ተናወጠ። የትናንቱን ሥዕል ያላዩት «የት ይገኛል?» እያሉ ማተሚያ ቤቱን ከበቡት። ማንን ይሰሩ? ማረሚያው የሻለቃው፣ ማኅተሙ የሻለቃው። ክስ ይጻፍ ቢባል፣ ሦስተኛው መስመር ላይ የሚፈርም አሁንም የለም።

እኩለ ቀን ላይ የኮሎኔሉ ሠረገላ በፈረሰኞች ታጅቦ በዚያ መንገድ አለፈ። ሰው ሁሉ እንደታዘዘው ባርኔጣውን አነሳ። ከሕዝቡ መካከል ግን አንዲት አሮጊት፣ የልጅ ልጃቸውን ወደ ላይ አንስተው፣ «እይ፣ እይ፣ ክቡር አይደሉም መጡ!» አሉ። ኮሎኔሉም እስኪሞቱ ድረስ በዚያች ከተማ ሌላ ስም አልነበራቸውም።

ወንድሟ መስኮቱን ተደግፎ ሠረገላው እስኪታጠፍ አየ። ፊቱ ላይ ቅናት ነበረ፤ አልደበቀውም።

«ሃያ ዓመት ሥያለሁ» አለ። «እንዲህ ያለ ስም ለማንም አውጥቼ አላውቅም። አንድ የጫማ ግምጃ ቤት ሰውዬ፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር!»

«ስሙ ለሻለቃው ይሁንላቸው፣ ጋሼ» አለች ቀራጺዋ። «አንተ ለእኔ ቀርተሃል።»